ጓሳ፣ ቀይ ቀበሮና ካሜራ

«ሳፋሪ» የሚለውን ቃል የሰማ የአዲስ አበባ ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚመጣበት ሥዕል የታወቀ ነው። ጣሪያው የተከፈተ መኪና፣ ካኪ የለበሱ ፈረንጆች፣ ከግራር ጥላ ሥር የተጋደመ አንበሳ፣ ከበስተጀርባ ደግሞ የኪሊማንጃሮ በረዶ። ቃሉ ከዐረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባ ሲሆን ትርጉሙም «ጉዞ» ከማለት የዘለለ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ በፊልምና በመጽሔት ከተሳለ በኋላ፣ ጉዞ መሆኑ ቀርቶ ኬንያና ታንዛኒያ የሚሸጡት ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። እኛም ገንዘብ ያገኘን ዕለት ማሳይ ማራን ለማየት ናይሮቢ እንበራለን እንጂ ከሸኖ በላይ ምን እንዳለ አንጠይቅም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የጉዞ ማስታወቂያ አይደለም። በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. ከአንድ ወዳጄ ጋር በገዛ መኪናችን ወደ መንዝ ወጥተን ነበር። ዓላማችን አንድና ግልጽ ነበር፤ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ፎቶግራፍ ማንሳት። አራት ቀን ቆይተን ብዙ ፎቶግራፍ ይዘን ተመልሰናል። ከፎቶግራፎቹ ይልቅ በሐሳቤ ውስጥ የቀረው ግን ከካሜራው በስተጀርባ የቆመው ጥያቄ ነው፤ ይህ መሬት የማን ነው? ማንስ ጠብቆ አቆየው? የሚነሣው ሥዕልስ ባለቤቱን ያሳያል ወይስ ይሸፍነዋል? በአገራችን ከመሬት የበለጠ ፖለቲካ የለምና ነገሩ በዚህ ገጽ ላይ ቦታ ቢያገኝ አግባብ ይመስለኛል።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ በሰንዳፋና በሸኖ አድርጎ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 130 ኪሎ ሜትር ይኬዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ነዳጅ መሙላት፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ መኖሩን ማረጋገጥና ወፍራም ልብስ ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲቀጥሉ ጣርማ በር ይደረሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው ዋሻ ያለበት፣ ደገኛው አገር በድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላ የሚወድቅበት በር ነው። በዚህ ሸንተረር ላይ የቆመ ሰው በግራና በቀኙ ሁለት የተለያየ ዕጣ ይመለከታል። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ በጀማ ወንዝ በኩል ዐባይን ተከትሎ ሜዲትራንያን ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ግን አዋሽን ተቀላቅሎ በአፋር በረሓ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ያው ዝናብ፣ ያው ተራራ፣ ነገር ግን ጥቂት እርምጃ ወዲያና ወዲህ በመውረዱ ብቻ አንዱ ከባሕር ይደርሳል፣ ሌላው አይደርስም።

ከጣርማ በር አካባቢ ዋናውን አስፋልት ትተን በመዘዞና በሞላሌ አድርገን ወደ መሐል ሜዳ አቀናን። ከአዲስ አበባ እስከ ጓሳ ድረስ ያለው ርቀት ወደ 260 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በካርታ ላይ የግማሽ ቀን መንገድ ይመስላል። ይሁን እንጂ የመንዝ መንገድ ችኩልን አይወድም፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለውም እንዲህ ላለ ጠጠር መንገድ ሳይሆን አልቀረም። ራሱ የሚነዳ ሰው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የአስጎብኚ መኪና የሚቆመው ሌሎች እንግዶች በቆሙበት ነው፤ የራሱን መሪ የጨበጠ ግን ብርሃኑ ባማረበት ይቆማል። እኛም በድንጋይ ካብ ከተሠሩት የመንዝ ቤቶች አጠገብ፣ ገብስ ከሚወቃበት አውድማ ዳር፣ ባናቸውን ደርበው በጎቻቸውን ከሚያግዱ ልጆች ዘንድ ስንቆም ስንነሣ መሐል ሜዳ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር።

ሌላም መንገድ አለ። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ሙከጡሪ ደርሰው፣ በለሚ በኩል የጀማን ሸለቆ ወርደውና ተሻግረው ዓለም ከተማ፣ መርሐ ቤቴ የሚገቡበት። መልክዓ ምድር ለሚያነሣ ሰው ይህኛው ይበልጥ ያስደነግጣል። ደጋው እንደ ተቆረጠ ዳቦ በንብርብር ተከፍቶ፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከላይ፣ ነጣ ያለው ድንጋይ ከታች ሆኖ ይታያል። በዚህ ሸለቆና በዐባይ ሸለቆ አካባቢ ብቻ የምትኖር አንዲት የቆቅ ዝርያ አለች፤ የወፍ ተመልካቾች እርሷን ፍለጋ ከአውሮፓ ድረስ ይመጣሉ። የመርሐ ቤቴ ገበሬ ግን ለዘመናት የሚያውቃት ማሳውን የምትጭር ወፍ አድርጎ ነው። ይህን እንዲሁ ለቀልድ ያህል ያነሣሁት አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የብርሃኑ ጊዜ

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውርጫማ ሜዳ ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። በታኅሣሥ ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል። ማለዳ ሲወጡ ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ያብረቀርቃል፤ ከመካከሉ ጅባራው እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። የካሜራ ባትሪ በዚህ ብርድ ፈጥኖ ይደክማልና ተለዋጩን ከደረት ኪስ ውስጥ፣ ከገላ አጠገብ ማሳደር ይበጃል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ለስላሳና ወርቃማ የሆነው ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ደጋው ላይ ያለው ፀሐይ ጥላን ጥቁር፣ ሣርን ነጭ አድርጎ ሥዕሉን ያደርቀዋል። ስለዚህ ያቺን አንድ ሰዓት የሚፈልግ ሰው በጨለማ መነሣት አለበት።

ጭላዳዎቹ የሚያድሩት በገደሉ ላይ ነው። ፀሐይ ድንጋዩን ስታሞቅ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ጭላዳ በዓለም ላይ ሣር ግጦ የሚኖር ብቸኛው የዝንጀሮ ወገን ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በስተቀርም የትም አይገኝም። ዘመዶቹ የነበሩት ሌሎቹ ዝርያዎች በሙሉ ጠፍተው ቅሪተ አካላቸው ብቻ በአፍሪካ ምድር ይቆፈራል። ወንዱ የአንበሳ ጎፈር የመሰለ ጠጉሩን በነፋስ እያስመታ፣ በደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት እያሳየ ሲቀመጥ የካሜራው መለኪያ ግራ ይጋባል፤ ጠጉሩን ልክ ሲያደርግ ደረቱ ይቃጠላል፣ ደረቱን ሲያተርፍ ፊቱ ይጨልማል። መፍትሔው ፀሐይን በጎን አድርጎ መሬት ላይ መቀመጥና መጠበቅ ነው። የቆመ ሰው ያስፈራቸዋል፤ የተቀመጠ ሰው ግን ጥቂት ቆይቶ እንደ ድንጋይ ይቆጠራል። ሁለተኛው ቀን ላይ መንጋው በግራና በቀኛችን እየጋጠ ሲያልፍ፣ የጥርሳቸውና የሣሩ ድምፅ ብቻ ይሰማን ነበር።

ቀይ ቀበሮው የመጣው በሦስተኛው ቀን ማለዳ ነው። ቀበሮ እንበለው እንጂ በዘር ምርመራ ከተኩላ ወገን መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በዓለም ያለው ብዛት በአዋቂዎቹ ቢቆጠር ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ተራሮች ላይ ሲኖር፣ በጓሳ የሚኖረው በጥቂት ደርዘን የሚቆጠር ነው። ያ ቀበሮ በዝንጀሮዎቹ መካከል ገብቶ በዝግታ ሲራመድ ዝንጀሮዎቹ አልሸሹም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አላየም። ዐይኑ ያለው ከአይጦቹ ጉድጓድ ላይ ነበር። በጓሳ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ጭላዳዎችን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ቀበሮው ለብቻው ሲያድን ከአራት ሙከራዎቹ አንዱ ያህል ይሳካለታል፤ በዝንጀሮዎቹ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስቱ ሁለቱ። መንጋው በግጦሹ አይጦቹን ሳያስነሣቸው ወይም የቀበሮውን መምጣት ሳይሸፍንለት አይቀርም ይባላል። ቀበሮው አንዲት የዝንጀሮ ግልገል ቢነጥቅ ዛሬ ይጠግባል፣ ነገ ግን መንጋው ያባርረዋል። በመሆኑም ይታገሣል። ከጉርብትና የሚገኘው ጥቅም ከንጥቂያ የሚገኘውን እንደሚበልጥ ያወቀ አውሬ ማየት፣ ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነገር አይደለም።

ሣሩን ማን ጠበቀው?

ከእኛ ጋር የነበሩት የጥበቃ ሠራተኛ ዕድሜያቸው የገፋ የመንዝ ሰው ነበሩ። ቀበሮው ከዐይናችን ከተሰወረ በኋላ፣ «አባቴ፣ ይህ ሣር በየዓመቱ ይታጨዳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ድሮስ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋ ነበር» አሉኝ። «የተዘጋ ዕለት የንጉሥ በቅሎም ብትሆን አትገባም።»

ንግግራቸው የሽማግሌ ማጋነን ሊመስል ይችላል። ታሪኩ ግን የተጠና ነው። የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲተዳደር ኖሯል። አንባቢ ስሙን ሲሰማ ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. የታወቀው የኦሮሞ ወጣቶች እንቅስቃሴ ትዝ እንዳይለው፤ ይህኛው ሌላ ነገር ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉ የመንዝ አቅኚዎች ተወላጆች ሜዳውን በአጽመ ርስት ይዘው፣ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል ኃላፊ በስምምነት እየመረጡ፣ ሣሩ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ይወስኑ ነበር። ሜዳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ መክፈቻው ቀን ይታወጃል፤ አስቀድሞ አጨዳው፣ ከዚያ በኋላ ግጦሹ ይከተላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ የገባ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር፤ ጥበቃውም የተቀጣሪ ዘበኛ ሥራ ሳይሆን የተጠቃሚው ሁሉ ግዴታ ነበር። ሣሩ ጎጆ ይከድናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ እረኛ በክረምት የሚለብሰው ገሳ ይሠራበታል። ያለ እርሱ በዚያ ብርድ አገር ቤት ቤት አይሆንም። መንዜዎቹ ጓሳን የጠበቁት ቀበሮ ስለ ወደዱ አልነበረም፤ ክዳን ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ቀበሮው በሣሩ ጥላ ሥር ተረፈ።

ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ የጋራ ሀብት መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ነበር። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ተጨማሪ ከብት ማሰማራት ስለሚያዋጣው ሁሉም ተባብሮ ሜዳውን ያጠፋዋል የሚል ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ የዓለም መንግሥታት ይህን እየጠቀሱ የጋራ መሬትን ወይ ለግለሰብ፣ ወይ ለመንግሥት ሲያስረክቡ ኖረዋል። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ከስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሽ እስከ ጃፓን የመንደር ደኖች ድረስ እየዞረች፣ ሰዎች የራሳቸውን ሕግ አውጥተው፣ የራሳቸውን ጠባቂ ሾመው፣ አጥፊውን ራሳቸው እየቀጡ የጋራ ሀብትን ለዘመናት እንዳቆዩ አሳየች፤ በዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ስቶክሆልም ላይ የተሸለመው ዕውቀት በመንዝ ሰው ዘንድ ከ300 ዓመት በላይ የኖረ ልማድ መሆኑን የሚያውቅ የኢትዮጵያ ባለሥልጣን ምን ያህል ይሆን?

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ «መሬት ለአራሹ» የሚለውን የትውልዱን ጥያቄ ሲመልስ የቄሮን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው። ፍትሐዊነቱን አልክድም፤ አጽመ ርስቱ የአስቦና የጌራ ተወላጅ ያልሆነውን ጎረቤት ከሜዳው ያገለለ ነበርና ያ ሰው መብቱን ማግኘቱ ተገቢ ነበር። ሆኖም አዋጁ በር ሲከፍት በረኛውንም አብሮ ሻረው። ሜዳው ለሁሉም ክፍት በሆነ ጊዜ ሣሩ ተጎዳ። ይህን ያዩት የአካባቢው ሰዎች በገበሬ ማኅበራቸው በኩል እንደ ገና ተሰባስበው የጓሳን ኮሚቴ አቋቋሙ፤ አሮጌውን ሕግ በአዲሱ ቋንቋ አደሱት። ሦስት ዓይነት መንግሥት አልፎ ሣሩ ዛሬም የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። አገር የሚቆመው በአዋጅ ብቻ እንዳልሆነ ማስረጃ የሚፈልግ ካለ፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

«ባዶ ምድር» የሚባለው ሥዕል

እዚህ ላይ ወደ ካሜራው እመለሳለሁ። ዱር አራዊት የሚያነሣ ሰው ሁሉ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ይከተላል፤ በሥዕሉ ውስጥ ሰው አይግባ። በግ ቢገባ ይቆረጣል፤ አጫጅ ቢገባ ይጠበቃል፣ ሲያልፍ ይነሣል። ሲያልቅም ሥዕሉ «ሰው ያልነካው ምድር» ይባላል።

ይህ ሕግ ንጹሕ የጥበብ ሕግ አይደለም፤ ደም የነካው ታሪክ አለው። የፍራንክፈርት መካነ እንስሳት ኃላፊ የነበረው በርንሃርት ግሪሚክ «ሴሬንጌቲ መሞት የለባትም» የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1959 አወጣ። ፊልሙ ኦስካር ተሸልሟል፤ አራዊቱ ድንቅ ናቸው። የመልእክቱ እምብርት ግን በጥብቅ ሥፍራው ውስጥ ሰው መኖር የለበትም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ማሳዮቹን ከሴሬንጌቲ አስወጣቸው። ይህ አስተሳሰብ ወደ እኛም ተሻግሯል። የአዋሽ ፓርክ ሲከለል ከረዩዎች የግጦሽ መሬታቸውን አጥተዋል። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ይኖር የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ተነሥቶ ደባርቅ እንዲሰፍር ተደርጓል፤ በዓመቱ ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። የዓለም ቅርስነቱ ተጠበቀ ማለት ነው። የግጭ ሰው ቅርስነትስ በየትኛው መዝገብ ላይ ሰፈረ?

የጓሳ ታሪክ በተቃራኒው ነው። አራዊቱን ለማዳን ሰው አልተነሣም፤ ሰው ስለ ኖረ አራዊቱ ዳኑ። የታሪክ ምጸት ሆኖ፣ ግሪሚክ ይመራው የነበረው የፍራንክፈርቱ ማኅበር ራሱ ከዐሥርተ ዓመታት በኋላ መንዝ መጥቶ የማኅበረሰቡን ጥበቃና በሜዳው ላይ የተሠራውን የእንግዳ ማረፊያ ደግፏል። ሰዎችና ድርጅቶች ሐሳባቸውን መለወጥ ይችላሉና ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሥዕሉ ግን አልተለወጠም። በመጽሔትና በድረ ገጽ ላይ የምናየው ጓሳ ዛሬም ዝንጀሮና ቀበሮ ብቻ የሚኖሩበት፣ ሣሩ በራሱ ጊዜ የቆመ፣ ሽማግሌና ኮሚቴ የማያውቅ ምድር ነው። የመርሐ ቤቴዋ ቆቅም በስሟ የሚታወቅ አንድ እንግሊዛዊ አላት፤ በማሳው ያኖራት ገበሬ ግን ስም የለውም። እኔ በበኩሌ በዚያ ጉዞ ካነሣኋቸው ሥዕሎች ሁሉ የማስበልጠው ጭላዳዎቹ ከፊት ሲግጡ፣ ከበስተኋላ አንድ ሰው የሣር ነዶ ተሸክሞ በሸንተረሩ ላይ ሲያልፍ የሚያሳየውን ነው። ለውድድር የሚሆን አይደለም፤ ብርሃኑም ጠንክሯል። እውነቱን የሚናገረው ግን እርሱ ነው።

የካሜራ ፍርሃት

በመመለሻችን ላይ ከአንድ ኬላ ስንደርስ መሣሪያ የያዘ ወጣት አስቆመን። ረጅሙን ሌንስ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ማን ፈቅዶላችሁ ነው የምታነሡት?» አለኝ። ዝንጀሮ መሆኑን ነገርኩት፤ አሳየሁትም። «ለዝንጀሮ ይህን ሁሉ መንገድ?» ብሎ በጥርጣሬ ተመለከተኝ። አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። በመጨረሻ ስልክ ተደውሎ ለቀቁን። ከእኛ ኋላ የመጡ ሁለት የውጭ አገር ጎብኚዎች ከእኔ የበለጠ ካሜራ አንግበው በፈገግታ ታልፈዋል።

ልጁን አልወቅስም። በአገራችን ካሜራ በዜጋ እጅ ሲሆን ማስረጃ ነው፣ በባዕድ እጅ ሲሆን ገንዘብ ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ድልድይና ኬላ ማንሳት እንደ ስለላ ሲቆጠር ኖሯል፤ መንግሥት ሲለወጥ ፍርሃቱ አልተለወጠም። ውጤቱን ግን እንመልከት። ስለ ጓሳ አራዊት የተነሡት ዝነኛ ሥዕሎች፣ የተሠሩት ፊልሞች፣ በዓለም መጽሔቶች የወጡት ዘገባዎች በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ሥራ ናቸው። ሥራቸው ግሩም ነው፤ ለዓመታት በዚያ ብርድ ኖረው የሠሩት ነውና ክብር ይገባቸዋል። የገዛ አገሩን ሥዕል ለማየት የሌላ አገር መጽሔት የሚገልጥ ሕዝብ ግን፣ ስለ ራሱ የሚነገረውንም ከሌላ አፍ መስማት ይለምዳል።

መንዝ ደግሞ በዚህ ረገድ ሁለት ጊዜ የተጎዳ አገር ነው። በፖለቲካችን ውስጥ «መንዝ» ሲባል የሸዋ ነገሥታት መነሻ ይታወሳል፤ ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዚያ ተነሥቶ ዘሩ እስከ ምኒልክ ደርሷልና። ከዚያ ተነሥቶ ገዢ፣ ነፍጠኛ፣ የሥልጣን ባለቤት እየተባለ ሕዝቡ በሙሉ ይከሰሳል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ የጻፈለት የመንዝ ገበሬ ግን ገብሱን ውርጭ የሚበላበት፣ ከበግ ጠጉር ባና ሠርቶ ብርድን የሚከላከል ሰው ነው። በካሜራዬ ያየሁትም ይህንኑ ሰው ነው። ሥልጣን ከመንዝ ወጥቶ ይሆናል፤ ወደ መንዝ ሲመለስ ግን አላየሁም። የአራት ቀን ሥዕሌን ከፊቱ ዘርግቼ «ገዢው መደብ የትኛው ነው? ጣትህን አሳርፍበት» የምለው ብዙ የፖለቲካ ጸሐፊ አለ።

የጎሽ ሜዳ ማስጠንቀቂያ

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትንና የደብረ ሲናን አካባቢ ደርሶ ነበር። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላው በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዐማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰሜን ሸዋም፣ መንዝም፣ መርሐ ቤቴም ከዚህ እሳት አልዳኑም። እኛ ያን ጊዜ ካሜራ አንግበን በሰላም የወጣንበት መንገድ ከዚያ ወዲህ ሰው በሰላም እወጣበታለሁ ብሎ የሚተማመንበት መንገድ አልሆነም። ሰው በሚሞትበት ሥፍራ ስለ ቀበሮ መጻፍ የሚያስወቅስ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ሁለቱ የተለያየ ጉዳይ አይደሉም። ጓሳን የጠበቀው አጥር አይደለም፤ በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ዘንድሮ እንዝጋ» ብሎ መስማማት የሚችል ሕዝብ ነው። ጦርነት መጀመሪያ የሚበትነው ይህን ጉባኤ ነው። ሽማግሌ ሲሰደድ፣ ጎልማሳ ሲዘምት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲጠረጥር ሣሩን ማን ይዘጋዋል? የቀበሮውን ዘር የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከመንደር ውሾች ነው፤ ውሾቹን የሚከትብ ሰውም መንገድ ይፈልጋል።

በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ የሚባል ሥፍራ አለ። በዚያም ቀይ ቀበሮ ነበረ፤ ዛሬ የለም። በጎጃም ጮቄ ተራራም እንዲሁ ጠፍቷል። ሜዳው ታርሶ፣ ግጦሹ ተጣቦ፣ አንድ በአንድ አለቁ። የጎሽ ሜዳን ቀበሮ ፎቶግራፍ ለማግኘት ብዙ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ማንም ሳያነሣው፣ ማንም ሳይመዘግበው፣ አንድ ማለዳ የመጨረሻው ወጥቶ አልተመለሰም።

ስለዚህ ለማንበብና ለመጻፍ ለታደለው ወገኔ የምለው ይህን ነው። ሰላም ወርዶ መንገዱ የተከፈተ ዕለት ወደ ናይሮቢ ከመብረራችሁ በፊት ወደ መንዝ ውጡ። ካሜራ ያዙ፤ ስልካችሁም ይበቃል። ቀበሮውን ብታገኙ አንሡት። ከእርሱ አስቀድሞ ግን የሣሩን አጫጅ አንሡ፣ የኮሚቴውን ሽማግሌ አነጋግሩ፣ ቄሮ እንዴት ይዘጋና ይከፈት እንደ ነበር ከአፋቸው ቅዱ፤ ያን ሥርዓት በዐይናቸው ያዩት ዕድሜያቸው ገፍቷልና። እስከዚያው ድረስ ደግሞ እኛ፣ በአንድ ሜዳ ላይ የተለያየ ነገር የምንግጥ የአንድ አገር ሰዎች፣ ከቀበሮውና ከጭላዳው የምንማረው አለ። ግልገል የነጠቀ ዛሬ ይጠግባል። ነገ ግን ሜዳው ይዘጋበታል።

ቸር እንሰንብት።